ሆቴል ይዣለሁ

አዲስ አበባ፣ ሚያዝያ ፲፪ ቀን ፲፱፻፶፱ ዓ.ም.

ለእናቴ፣ ለአዮ፤

አከም ጂርታ አዮ? ነጋዳ? ፈያዳ?

ይህችን ሰላምታ ሆን ብዬ በቋንቋችን፣ በአማርኛ ፊደል ጻፍኋት። እንደተጻፈች ከተነበበች ተርጓሚ አትፈልግም፤ ከእኔ አፍ ወጥታ በቀጥታ ጆሮሽ ትገባለች። የቀረውን እንደ ልማዴ በአማርኛ እጽፋለሁ፤ ትምህርት ቤት ደብዳቤ መጻፍ ያስተማረኝ በእሱ ብቻ ነውና። አንባቢሽም እንደ ልማዱ እያዞረ ይነግርሻል።

ጉልበትሽ እንዴት ከረመ? በበልግ ቁርጥማቱ ይብስብሽ ነበርና ሌሊት ሌሊት እያሰብሁሽ ነው። ላሚቱ ወለደች ወይ? ከምድጃው በላይ ያለው የጣሪያ ቀዳዳ ክረምት ሳይገባ ይደፈን፤ አንቺ ባታዪውም ውሃው አንቺን አያጣሽም። የጨለለቂ ጎረቤቶቻችንን ሁሉ ሰላም በይልኝ። ሁሉንም ማለቴ ነው፤ በእኔ ላይ ያወሩትንም ጭምር። እነሱ የሰሙትን ነው ያወሩት።

እትዬ በዛብሽ ለሸቀጥ ስትመጣ የላክሽልኝን ፈትል ሰጥታኛለች። “ሳታይ የፈተለችው ነው” ስትለኝ አላመንኋትም። ዓይኔን ጨፍኜ በጣቴ ብስበው አንድ ቋጠሮ አጣሁበት፤ እንዲያውም ከድሮው ቀጥኗል። ልጅ ሆኜ ከእግርሽ ሥር ተቀምጬ ጥጥ ስፈለቅቅልሽ፣ እንዝርቱን እያሾርሽ የምትዪው ትዝ አለኝ፦ እውነት ትቀጥናለች እንጂ አትበጠስም። ያኔ እውነት የሚሏት ነገር የክር ዓይነት ትመስለኝ ነበር። አሁን አድጌም ከዚያ የተሻለ ፍቺ አላገኘሁላትም።

እኔ ደህና ነኝ፤ አምላክ ይመስገን። ከስታለች ብለው ነግረውሽ ከሆነ አልዋሹም፤ የሌሊት ተራ ሥጋ አያበዛም። ዜናዬ ግን ደግ ነው። ትምህርቴን ጨርሻለሁ። በግንቦት ማብቂያ ነጩን የነርስ ቆብ በራሳችን ላይ ያደርጉልናል፤ እያንዳንዳችንም አንድ የቤተሰብ ሰው እንድናስጠራ ተፈቅዶልናል። ስለዚህ አዮ፣ ዘንድሮም ሆቴል ይዣለሁ።

እዚህ ላይ አንባቢሽን አንድ ጊዜ አስቁሚውና ጥቂት ልተንትነው። ሆቴሉ የእኔ አይደለም። ባለቤቷ ማዳም የምንላት አንዲት የግሪክ ባልቴት ናት። እኔ ከእሷ ላይ ለጥቂት ቀን አንዲት ክፍል ተከራየሁ። ክፍሏ ሁለት አልጋ፣ አንድ ወንበርና አንድ መስኮት አላት፤ በሯ ከውስጥ ይቆለፋል፤ እኔና አንቺ እንተኛባታለን። አረቄ አልሸጥባትም፤ ጠጅም አልቀዳባትም። ይህን ሁሉ ቃል ባለፈው ዓመት በቴሌግራሙ ላይ ብጨምር ኖሮ ዛሬ ይህን ደብዳቤ ራስሽ ይዘሽ፣ ማንበብ ባትችዪ እንኳ የእጅ ጽሕፈቴን እያየሽ ፈገግ ትዪ ነበር። ቴሌግራም ግን በቃል ቁጥር ነው የሚያስከፍለው፤ እኔም አስተዋይ አንባቢ አለኝ ብዬ ነበር።

የሆነውን ታውቂዋለሽ። የምታውቂው ግን ከሰው አፍ ነው፤ አንድ ጊዜ እንኳ ከእኔ አፍ ስሚው።

አምና ለገና ስመጣ በኩራዙ ዙሪያ ቀስተ ደመና ታያለሁ ስትዪኝ፣ በጎንሽ ያለውን በርጩማ ሳታዪ ስትመቺው፣ ልቤ ውስጥ ጻፍሁት። አዲስ አበባ ተመልሼ ለዓይን ሐኪሙ፣ ለፈረንጁ፣ አንድ በአንድ ነገርሁት። ብዕሩን አስቀመጠና እንዲህ አለኝ፦ ይህ ሞራ አይደለም፤ ይህ በሽታ የበላውን አይመልስም፣ የቀረውን ግን ማስጣል ይቻላል፤ ክረምት ሳይገባ አምጫት፣ እኔ ራሴ ዓይኗን እቀድድላታለሁ አለ። አይዞሽም አላለኝ። “አምጫት” ብቻ ነው ያለኝ።

ያን ጊዜ ማረፊያ አዘጋጅቼ በቴሌግራም አስታውቅሻለሁ ብዬ ጻፍሁልሽ። የምኖርበት ቤት ከተማሪ በቀር እንግዳ አያሳድርም። ዘመድ የለንም። ስለዚህ ከሥራ ስወጣ የደንብ ልብሴን እንደለበስሁ ሆቴል ፍለጋ ዞርሁ። አንዱ ከታች መጠጥ ቤት ነበረው፤ የልጃገረድ ሳቅና የሸክላ ጩኸት ደረጃው ላይ ተቀበለኝና ከበሩ ተመለስሁ። ሌላው ጥሩ ነበር፣ ነገር ግን ክፍሉ ሦስተኛ ፎቅ ነው፤ ጉልበትሽን አሰብሁ። የማዳም ሆቴል ከባቡር ጣቢያው አጠገብ ነው። ክፍሉ መሬት ላይ፣ መስኮቱ ወደ ሐዲዱ። ማዳም እናትሽ ምን ይወዳሉ ብላ ጠየቀችኝ፤ ከፍ ያለ አልጋ ትፈራለች አልኋት፤ ዝቅ ያለውን አስገባችልን።

መስኮቱን የመረጥሁት ለባቡሩ ነው። አንድ ጊዜ፣ ሰው ተቀምጦበት የሚሄድ ቤት እንዴት ያለ ነው ብለሽኝ አልነበር? ለቀረችሽ ብርሃን የሚበቃ ትልልቅ ነገር ብቻ ነበር የመረጥሁልሽ። በመጀመሪያው ቀን ባቡሩን። በማግስቱ በጣቢያው ፊት ያለውን የአንበሳ ሐውልት፤ እሱ ከቤታችን ጣሪያ ይበልጣልና አያመልጥሽም። ማታ ማታ ደግሞ መንገዱን የሞላውን መብራት፤ በእያንዳንዱ ዙሪያ ያቺ ቀስተ ደመናሽ ትኖር ነበርና ከተማው ለአንቺ ከእኛ ይልቅ ያጌጠ ይሆን ነበር። የትኛው መንገድ ጉድጓድ እንዳለው፣ የት ብንቀመጥ ሰው እንደማይገፋን ቀድሜ ብቻዬን ሄጄ አይቼ ነበር። ከዚያ ሐኪሙ ዘንድ። ከዚያ በኋላ ደግሞ፣ ዓይንሽ ሲፈታ፣ ያንኑ ሁሉ ዳግመኛ።

ከዚያ ቴሌግራም መታሁ፦ “ሆቴል ይዣለሁ። ከእሑድ በፊት ነይ።”

ቅዳሜ አውቶቡስ ተራ ቆሜ ዋልሁ። የነቀምቴው አውቶቡስ ገባ፤ ዶሮ ወረደ፣ ቅቤ ወረደ፣ የአኖ ነጋዴዎች ወረዱ፣ አንቺ አልወረድሽም። ሰኞም ሄድሁ። ረዳቱ ለመደኝና ሲያየኝ ገና ከሩቅ ራሱን ይነቀንቅልኝ ጀመር። ማዳም አልጋውን በየማለዳው ታነጥፍ ነበር። አንድ ከሰዓት በኋላ ዝቅ ባለው አልጋሽ ላይ ተቀመጥሁና ባቡሩ ሲሄድ ብቻዬን አየሁት።

መንገዱ ተበላሽቶ ይሆናል ብዬ ስጽፍ ሳምንት አለፈ። መልስ ሳይመጣ እትዬ በዛብሽ መጣች። እንዴት እንደመጣች ነግራሽ ይሆናል፤ እኔ ግን ሳልስቅ መጻፍ አልችልም። በሩ ላይ ቆማ ዘበኛውን፣ የነቀምቴዋ ልጅ ሆቴል ይህ ነወይ፣ ባለቤቲቱን ጥራልኝ አለችው። ዘበኛው ማዳምን ጠራላት። እትዬ በዛብሽ ማዳምን ከእግር እስከ ራሷ አይታ፣ አንቺን አይደለም፣ እመቤትሽን ነው አለቻት። ማዳም ለእኔ ስልክ ደወለች፤ አንዲት ሴትዮ ሆቴሌን ለአንቺ ሰጥታብኛለች፣ ፈጥነሽ ነይ አለችኝ። ስደርስ እትዬ በዛብሽ ጠረጴዛ ይዛ ተቀምጣለች። “አንቺ ልጅ!” አለችኝ ገና ሳልስማት፣ “ፈረንጅ ቀጥረሽ ታሠሪያለሽ እንዴ? እሱስ ይሁን፤ ጠጁን የት ነው የደበቅሽው? እስካሁን አንድም ሰካራም አላየሁም፤ ገበያሽ እንዴት ያለ ቀዝቃዛ ነው!”

ሳቅሁ አዮ። እስክትነግረኝ ድረስ ሳቅሁ።

ከጸሎት መልስ ሴቶቹ ግቢሽ ውስጥ ተቀምጠው ሳለ ቴሌግራሙ እንደደረሰ፣ አስተማሪው ነመራ ወደ ቋንቋችን እያዞረ እንዳነበበው፣ ሁሉም ጆሮውን አቁሞ እንደሰማ ነገረችኝ። ምን ብሎ አነበበው አልኋት። እትዬ በዛብሽ የሸዋ ልጅ ብትሆንም ከገበያችን ቋንቋውን እንደኛው ታውቀዋለች፤ ቃሉን እንደሰማችው ደገመችልኝ፦ “ሆቴል በነቴርቲ።”

እኔ የጻፍሁት ይዣለሁ ነው። ይዛለች ቢባል ኖሮ ቀበቴርቲ ነው። በነቴርቲ ከፍታለች ነው። በአፍ ሲነገሩ ይቀራረባሉ፤ በቅጡ ያልሰማ ጆሮ ሊያምታታቸው ይችላል። ያንቺ ጆሮ ግን አያምታታም አዮ። የትኛውን እንደሰማሽ አንቺ ታውቂያለሽ። እኔ አልነግርሽም።

በእኛ ከተማ ሆቴል ማለት ምን እንደሆነ አልረሳሁም። ወደ ደምቢ ዶሎ በሚወስደው መንገድ ዳር፣ ቀይ መጋረጃ የተንጠለጠለባቸው፣ ሾፌሮች የሚያድሩባቸው ቤቶች ናቸው። አንዲት ልጅ ሆቴል ገባች ከተባለ እናቷ ገበያ ስትወጣ ነጠላዋን እስከ ዓይኗ ድረስ ትሸፍናለች። ከፈተች ከተባለማ! ከዚያች ከሰዓት በኋላ ጀምሮ ትምህርቱን ትታ፣ ቤት ከፍታ፣ ሦስት ሴት ቀጥራ ተባልሁ። “ነይ” ያልሁሽም ለወጥ ቤትነት ሆነ። እናቷን ጎመን ልታስቀቅል ነው አሉ። ኑኑ ቁምባ አገር ያለችው አክስቴ ሳትቀር ሰምታ አልቅሳልኛለች።

ነመራ ያኔ እጮኛዬ ነበር፤ በሽማግሌ የተጠየቅሁለት፣ ወንጌል ላይ ቃል የሰጠሁት። አማርኛውን ለልጆች የሚያስተምር ሰው ነው። አላወቀም እንዳልል አንድ ነገር ትዝ ይለኛል። ካቻምና ክረምት ለመምህራን ኮርስ አዲስ አበባ መጥቶ “ሆቴል ይዣለሁ፣ ነይና እንገናኝ” ብሎ ወረቀት ላከብኝ። እኔ ያኔ ገና የነቀምቴ ልጅ ነበርሁ። ሄጄ፣ ሆቴል ያዝህ? ማን ሸጠልህ? ሴቶቹስ የታሉ? እያልሁ አሾፍሁበት። እሱም በሳቅ ፈርሶ፣ “የያዝሁት አንዲት አልጋ ናት፣ እሷም ትኋን አለባት፤ ባለሆቴል ሚስት እሆናለሁ ብለሽ ከሆነ ተስፋ ቁረጪ” አለኝ። ከዚያ ወዲህ በየደብዳቤው ስር “ባለሆቴሉ” እያለ ይፈርምልኝ ነበር።

ይህን የምነግርሽ እንድትስቂ ነው። ሳቂ አዮ። አንባቢሽም አብሮሽ ከሳቀ ይሳቅ።

ያን ወራት ለምን እንዲያ እንደሆነ ብዙ አሰብሁ። በመስከረም እንጋባ፣ ትምህርቱን ተዪው ብሎኝ ነበር፤ አልተውም አልሁት። አዲስ አበባ ትውጥሻለች ሲለኝ፣ የምዋጥ ብሆን አንተ ቀድመህ ትውጠኝ ነበር ብዬ መለስሁለት። ምላሴ ስለት እንዳለው ታውቂያለሽ፤ ያሳደግሽው አንቺ ነሽ። ምናልባት ቁስሉ አልደረቀም ነበር። ምናልባት በዚያ ግቢ፣ በዚያች ደቂቃ፣ ሊወጋኝ ብሎ ትንሽ ነገር ጣል አደረገ፤ ሴቶቹ አፋቸውን ያዙ፤ ቃሉም ከእጁ አመለጠ። ከአፍ የወጣ ቃል ምራቅ አይደል ተመልሶ አይዋጥም። ከዚያ በኋላ ግን ብዙ ቀን ነበረው። እያንዳንዱን ቀን ዝም አለበት።

እኔስ? ፈቃድ ጠየቅሁ፤ ፈተና ሳያልቅ አይቻልም አሉኝ። በሰኔ መጀመሪያ ዝናብ እየወረደብን መጣሁ። አኖ ላይ አውቶቡሱ ለሻይ ሲቆም፣ ሁለት ሰዎች በጠረጴዛቸው ላይ አጎንብሰው ያቺ ናት ሲባባሉ ሰማሁ። ሻዬን ይዤ እነሱ ጠረጴዛ ላይ ተቀመጥሁና፣ አዎን እኔ ነኝ፣ ምን ላምጣላችሁ? አልኋቸው። የሒሳባቸውን መልስ ሳይቀበሉ ወጡ።

ቤት ስደርስ ሽማግሌዎቹ ቀድመው ተቀምጠዋል። የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌ ኦቦ ባቻ መጽሐፍ ቅዱሱን በጉልበታቸው ላይ አድርገው፣ “ኢንተለ ኮ፣ ልጄ፣ እጅሽን አኑሪና መጠጥ ሸጬ አላውቅም ብለሽ ማይ፤ እኛም እናርፋለን፣ እናትሽም ታርፋለች” አሉኝ። ሆቴል መያዝ ማለት ማደሪያ መከራየት ነው ብዬ አስረዳሁ። ኦቦ ባቻ ደግ ሰው ናቸው፤ እንዲያ ከሆነ መልካም፣ የተማረ ሰው እዚህ አለ፣ ይመስክርልሽ ብለው ወደ ነመራ ዞሩ። ሁላችንም ዞርን። እሱ የጫማውን ክር እያየ፣ ቃሉ ሁለት ዓይነት ሊተረጎም ይችላል አለ።

ሁለት ዓይነት!

ከዚያ በኋላ የተናገርሁትን ሰምተሻል። ያልሰረቅሁትን አልሰረቅሁም ብዬ አልምልም፤ መማል ያለበት ቃሉን ያዞረው ነው አልሁ። መጽሐፉን ኦቦ ባቻ ጉልበት ላይ ትቼ ቆምሁ። ዛሬም የምምል አይመስለኝም። ነገር ግን አዮ፣ ብምል ኖሮ በማግስቱ ከእኔ ጋር አውቶቡስ ትሳፈሪ ነበር። ይህን ሳውቀው እኖራለሁ። ክብሬን ይዤ ወጣሁ፤ አንቺን ትቼሽ ወጣሁ። ሁለቱ በአንድ እጅ አይያዙም ነበር።

ከሁሉ ይልቅ የሚያንገበግበኝ ሌላ ነው። ልወጣ ስል ወደ በሩ መጥተሽ ፊቴን በሁለት እጅሽ ያዝሽ። ጣትሽ በግንባሬ፣ በቅንድቤ፣ በጉንጬ ላይ ቀስ ብሎ ሄደ። እየመረቅሽኝ መሰለኝ። ወይም ጎረቤት እንዳይሰማሽ በእጅሽ ይቅር እያልሽኝ መሰለኝ። ሦስት ዓመት ስለ ዓይን የተማርሁ ልጅሽ፣ እናቴ ልታየኝ አቅቷት በጣቷ እየፈለገችኝ እንደሆነ አልገባኝም። ቁጣዬ ከአንቺ በፊት እኔን አሳውሮኝ ነበር። እጅሽን ከፊቴ አንስቼ፣ ደህና ሁኚ ብዬ ሄድሁ።

በነሐሴ ደብዳቤሽ መጣ፤ “ዓይኔ ጨልሟል፣ አትዘኚ” የሚል። ጽሕፈቱ የእሱ ነው። “ጨልሟል” ከሚለው ቃል በኋላ ቀለሙ ፈሶ ወረቀቱን አበላሽቶት ነበር። ሌላው መስመር ሁሉ ንጹሕ ነው።

አሁን በየእሑዱ፣ ከቤተ ክርስቲያን መልስ፣ በርጩማው ላይ ተቀምጦ የሚያነብልሽ እሱ ራሱ እንደሆነ አውቃለሁ። እንጨት እንደሚያስፈልጥልሽ፣ ክረምቱን ውሃ እንዳስቀዳልሽ አውቃለሁ። ጎረቤቱ “እጮኛው አዋርዳው እንኳ እናቷን አልጣለም” እያለ እንደሚመርቀው እትዬ በዛብሽ ነግራኛለች። አንቺም፣ እሱ ሲያነብልኝ ደብዳቤሽ ይጥመኛል ብለሽ በራሱ እጅ አስጽፈሽልኛል። እውነትሽን ነው፤ ድምፁ ያምራል። ይህን ደብዳቤ ሌላ ሰው እንዲያነብልሽ ማድረግ እችል ነበር። እትዬ በዛብሽ ልጆቿ ማንበብ ያውቃሉ። እኔ ግን በዚያ ድምፅ እንዲነበብ ፈለግሁ።

እና አንድ የማታውቂውን ልጨምር። አምና የያዝሁት አንድ ክፍል አልነበረም፤ ሁለት ነበር። አንቺን ብቻሽን አውቶቡስ ላይ እንደማይጭንሽ አውቅ ነበር፤ ይዞሽ ይመጣል ብዬ ከኮሪደሩ ማዶ ለእሱም ይዤለት ነበር። ትኋን እንዳለበትና እንደሌለበት ፍራሹን ገልብጬ አይቼዋለሁ። በቴሌግራሙ አልጻፍሁትም፤ ቃል ያስወድዳል፤ ደግሞም ለመስከረሙ ጥያቄው መልሴን በአፌ፣ ባቡሩ በሚታይበት መስኮት አጠገብ ልነግረው አስቤ ነበር። ከዚያ በፊት ለትምህርት ቤታችን ኃላፊ፣ ስጨርስ ነቀምቴ ይመድቡኝ ብዬ ማመልከቻ አስገብቼ ነበር። ከሰኔ በኋላ ሄጄ አወጣሁት። አሁን የተመደብሁት ሐረር ነው።

እንግዲህ አዮ፣ የዘንድሮው ጉዞ እንዲህ ነው። እትዬ በዛብሽ በግንቦት ሦስተኛው ሳምንት ለሸቀጥ ትመጣለች፤ ከእሷ ጋር ትሳፈሪያለሽ። ከሾፌሩ ኋላ ተቀመጪ፤ እዚያ መንገጫገጩ ይቀንሳል። አኖ ላይ ለሻይ ስትወርዱ ሰው ቢያንሾካሹክ ቀና ብለሽ ጠጪ። አውቶቡስ ተራ ቆሜ እጠብቅሻለሁ፤ ረዳቱ ዘንድሮ ራሱን እንደማይነቀንቅብኝ ተስፋ አለኝ። ክፍላችን ያቺው የመስኮቷ ክፍል ናት፤ ማዳም ዝቅ ያለውን አልጋ እስካሁን አላወጣችውም። አንበሳው የቆመበትን ድንጋይ በእጅሽ ትዳስሺዋለሽ፤ ጥበቃው ቢከለክል እኔ እነግረዋለሁ። ባቡሩ ለጆሮም ይበቃል፤ መሬቱ ከእግርሽ በታች ሲንቀጠቀጥ ከእኛ ከምናየው በላይ ታውቂዋለሽ። ቆቡን ሲያደርጉልኝ ከፊት ትቀመጫለሽ። ከዚያ መጥተሽ ራሴን ትዳብሺኛለሽ። ዘንድሮ እጅሽን አላነሳም፤ እስክትጠግቢ እቆማለሁ።

ከዚያ በኋላ ያለው በእጅሽ ነው። ሐረር ለነርሶች ቤት ይሰጣሉ፤ ለሁለት ይበቃል። በመስኮቱ በምትሰሚው ባቡር እስከ ድሬዳዋ፣ ከዚያ በመኪና ነው። መመለስ ከፈለግሽ እትዬ በዛብሽ ትመልስሻለች፤ አላኮርፍሽም። ከእኔ ጋር መሄድ ከፈለግሽ ግን እንዝርትሽን ይዘሽ ነይ። ከአውቶቡሱ ስትወርጂ እንዝርቱን በእጅሽ ካየሁ ሌላ አልጠይቅሽም። ላሚቱን ላነበበልሽ ሰው ስጪው፤ ደክሞልሻል፤ ይህን በቂም አልልም።

ነመራ፣ አሁን ከአንተ ጋር ነው። ይህን ሁሉ ሳታዞር እንዳነበብህ የማውቀው አዮ ከአውቶቡሱ ስትወርድ ነው። ባትወርድም አውቃለሁ። አሁን ዝም ብትል እሷ ዝምታህን ትሰማለች፤ ዓመት ሙሉ ስትሰማው የኖረች ይመስለኛል። ንባቡን ስትጨርስ ምናልባት እጇን ዘርግታ ፊትህን ትፈልግ ይሆናል። አትሽሽ። እኔ ሸሽቼ አይቼዋለሁ።

አዮ፣ ጉልበትሽን ያበርታው፣ ደጅሽን ሰላም ያድርገው፣ መንገድሽን ያቅናው። ያነበበልሽንም አምላክ እንደ ልቡ ይመልስለት። እኔን ደግሞ ለመምጣትሽ ያድርሰኝ።

ከእግርሽ ሥር ጥጥ የምፈለቅቅልሽ
ልጅሽ ነኝ

የመጨረሻዋን፣ እንዝርቱን እያሾርሽ የምትዪያትን ቃል፣ እንደ መጀመሪያዋ በቋንቋችን ጻፍኋት። እሱ እስከዚህ ብቻ ያንብባት፤ የቀረችውን አንቺ ጨርሺለት፦

ዱጋን ኒ ቀለቲ መሌ …